ሌባው ስልክ አልጠበቀም

ነዋሪው የከተማ ቅርስን በስልኩ ይመዝግብ ማለት ለሌባ መንገድ መምራት ነው፣ ሥራው ለባለሙያ ብቻ ይተው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ከአንበሳሜ ሆኜ ልመልስ።

እዚሁ ደራ ወረዳ ውስጥ ያለችው ቆራጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የጣና ዳር የንግድ ከተማ ነበረች፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ሰንብቶባታል። እዚያ የቱ የድንጋይ ክምር የማን ቤት እንደነበር ከአገሬው አዛውንት በቀር ለባለሙያው ማን ይነግረዋል?

ወደ ሌባው እንምጣ። በኋላ የታሰረውን ያንኑ ራሳምን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. የመቅደላን ብራና በዝሆንና በበቅሎ ሲያግዝ የማንንም ስልክ አላየም። ሌባ የሚወደው ያልተመዘገበውን ነው። ገጹ፣ የሐረግ ጌጡ፣ የእራፊ ጥገናው ሳይቀር ፎቶ የተነሳ ብራና ጨረታ ላይ ቢወጣ ግን «የእኛ ነው» የምንልበት ማስረጃ ይኖረናል። ቦታው እንዳይታወቅ ከተፈለገም የካሜራውን ሎኬሽን ማጥፋት ነው፤ ይህን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ላይ ከየቤቱ አልበም የተሰበሰበ ፎቶ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ ሆኗል። ባለሙያ አያስፈልግም አላልኩም፤ ያጣራ፣ ያርም። የሚያጣራውን የሚያቀብለው ግን ነዋሪው ነው። ኔትወርክ የለም ለሚለውም፦ በ2015 ክረምት የክልላችን የአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካሜራውና ድምፅ መቅረጫው ይሠሩ ነበር።