ማራችንን ሸጠን ለስላሳ የምንገዛው እስከ መቼ ነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ መጠጥ ነው። አትሳቁ፣ የልጆች መጠጥ ነው።

እንደምታስታውሱት የአምናው የወላጆች ቀን ፀሐዩ ሌላ ነበር። ድንኳኑ ለእንግዶች ብቻ ስለነበር እኛ ሜዳ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ በፊት ለለስላሳ መግዣ ብር አዋጡ ተብለን አዋጥተናል። ለስላሳው ሲመጣ ግን ለእንግዶችና ለፊተኛው ረድፍ ብቻ በቃ። ያዋጣው ልጅ ራሱ አንዱን ጠርሙስ ለሦስት ጠጣ። ያላዋጣው ደግሞ ምንም አላገኘም። እኔ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ቤተሰቦቿ ከአበርገሌ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። እሷ ስላላዋጣች ለስላሳው ሲታደል ተነስታ ቧንቧው ጋ ሄዳ ቆመች። ውሃ ልትጠጣ መስሎኝ ነበር። ግን የዚያን ቀን ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። እሷም ታውቃለች። ዝም ብላ ነው የቆመችው።

ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው የምጽፈው። የእኔ ሀሳብ አጭር ነው። ዘንድሮ ለወላጆች ቀን ለስላሳ አንግዛ፣ ራሳችን እንሥራ። የምንሠራውም ከእኛው ማር፣ ከእኛው በለስና ከሎሚ ይሁን። ለሁሉም ይድረስ።

ሀሳቡ ከየት መጣ ካላችሁ፣ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው የሚማረው። ባለፈው ክረምት እኛ ጋ መጥቶ አንድ ካፌ ውስጥ የጠጣውን ሲያወራልን አመሸ። ለስላሳው በረጅም ብርጭቆ ይቀዳል፣ ከላዩ አይስክሬም ጣል ይደረግበታል፣ አይስክሬሙም አይሰምጥም፣ ተንሳፍፎ አረፋ ያወጣል አለን። "እናንተ ሰቆጣ ይሄ የላችሁም" አለ። በጣም ተናደድኩ፣ ግን እውነቱን ነው፣ የለንም። በኋላ የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው፣ በፈረንጆች 1874 አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ሮበርት ግሪን የሚባል መጠጥ ሻጭ ክሬም ቢያልቅበት በምትኩ አይስክሬም ጨመረና ተጀመረ ይባላል ብለው ነገሩኝ። እንግዲህ ሰውየው ያለቀበትን ባለው ነገር ተካው ማለት ነው። እኛስ የሌለንን ባለን ብንተካ ምን አለበት?

ለአያቴ የአክስቴን ልጅ ወሬ ስነግራት "ይሄማ ብርዝ ነው፣ አረፋው ብቻ ነው የጎደለው" ብላ ሳቀች። ብርዝ ማለት ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይቦካ የሚጠጣ ነው። ጌሾ የለውም፣ አያሰክርም። ስለዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ትልቁም ትንሹም ይጠጣዋል። በዕለቱ ነው የሚጠጣው እንጂ እየዋለ እያደረ ሲሄድ መፍላት ስለሚጀምር ለልጅ አይሆንም።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አንድ እሁድ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሞከርነው። የአክስቴ ልጅም ቁጭ ብሎ ያያል። መጀመሪያ አሥር በለስ በሳር አሸት አሸት አድርገን እሾሁን አራገፍን፣ ሁለቱን ጫፍ ቆርጠን፣ ጎኑን ሰንጥቀን ላጥነው። ከዚያ ጨፍልቀን በወንፊት አጠለልነው። ዘሩ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። በለስ ከነዘሩ አብዝቶ የበላ ሰው ሆዱ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፣ አልናገርም። ቀጥሎ ተፈልቶ ለብ ያለ ስድስት ብርጭቆ ውሃ ላይ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ማር በጠበጥን። የእኛ ነጭ ማር የረጋ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይሟሟም፣ ለብ ያለ ይፈልጋል። ሲቀዘቅዝ የሁለት ሎሚ ጭማቂና በእጅ የታሸ ናና ጨመርን። በለሱን ቀላቀልን። ቀለሙ ብርቱካን መሰለ።

አሁን የቀረው ተንሳፋፊው ነው። እኔ እርጎ በማንኪያ ጣል አደረግሁበት። ሰመጠ! ብርጭቆው ውስጥ ተበታትኖ አጓት መሰለ። የአክስቴ ልጅ በሳቅ ሞተ። አያቴ ግን "አንተ ልጅ፣ እርጎ ምን ያንሳፍፈዋል፣ ስልባቦት አምጣ" አለችኝ። ከተፈላው ወተት ላይ የተሰበሰበውን ስልባቦት አንስተን በማንኪያ መታ መታ አድርገን ላዩ ላይ አስቀመጥነው። ተንሳፈፈ። ስልባቦት ቅባት ነው፣ ቅባት ደግሞ ከውሃ ይቀላል። እርጎ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ይሄን እኮ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ ግን ብርጭቆ ውስጥ እስካየው ድረስ አልገባኝም ነበር። የአክስቴ ልጅ ከካፌው ይሻላል አላለም። ሁለት ብርጭቆ ግን ጠጣ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረን። ቀዝቃዛ አልነበረም። ሰቆጣ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ጎረቤታችን ማቀዝቀዣ አላቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ልብስ ማስቀመጫ አድርገውት ነበር። ትምህርት ቤታችንም ማቀዝቀዣ የለውም። ይሄን መልስ የሰጠችኝ ያቺ ቧንቧው ጋ የቆመችው ልጅ ናት። እነሱ ሀገር ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ከእኛ ይብሳል። አያቷ እንስራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ያስቀምጡት ነበር፣ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ውሃ ይረጩበታል። ከፋሲካ በኋላ ሁለታችን ሞከርነው። ጠዋት አንድ ዓይነት ውሃ በጀሪካንና በእንስራ ሞላን። እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልነው። በስድስት ሰዓት ቀመስነው። የጀሪካኑ ሻይ ሊሆን ምንም አልቀረው። የእንስራው ጥርስ ባይነካም ቀዝቅዟል፣ ደስ ይላል።

ምክንያቱ ትነት ነው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጥ ያለው ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ትነቱ ይበረታል፣ ስለዚህ ለእኛ በጋ ልክ ነው። በክረምት ዝናብ ግን ብዙም አይሠራም። መምህራችን እንደነገሩን ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በፈረንጆች 1990ዎቹ ውስጥ አንዱን ሸክላ በሌላ ሸክላ ውስጥ አድርጎ፣ መካከሉን አሸዋ ሞልቶና ውሃ አጠጥቶ ያለ መብራት አትክልት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ሠራ። ሮሌክስ የሚባለውንም ትልቅ ሽልማት ተሸለመ። የጓደኛዬ አያት ግን ለእንስራቸው ማንም አልሸለማቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አያቴ አምስት ቀፎ አላት። ክረምቱ አልፎ ማሩ ሲቆረጥ ነጋዴ ይመጣል። ትንሽ በማሰሮ ለመድኃኒትና ለእንግዳ ትቀራለች፣ ሌላው ይሸጣል። እኔ ማር የምቀምሰው ጉንፋን ሲይዘኝ ነው። እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ ሳልታመም አስላለሁ። መሸጡን አልቃወምም። በማሩ ብር እህል ተገዝቷል፣ የእኔም ደብተርና ጫማ ተገዝቷል። የዋግ ማር የታወቀ ስለሆነ ገዢ አያጣም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ማራችን ተጭኖ ይሄዳል፣ በሱ ብር ደግሞ የስኳር ውሃ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣልናል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፣ ይሄም ሰባት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። ማርም ቢሆን ስኳር አለው፣ ጥርስ ያበላሻል፣ አልዋሽም። ግን ከላይ በጻፍኩት ልክ ከሠራነው አንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው ከማሩ የሚመጣ ስኳር የለስላሳውን ግማሽ ያህል ነው።

ደግሞ ስማችንን አስቡት። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናት መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ነው ያለው። ጥሩ ቃል ነው። ግን አገሩ ሁሉ የከተማችንን ስም የሚያውቀው ከልጆች ረሃብ ጋር ሆነ ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ብርዝ መቀንጨርን ያጠፋል አላልኩም፣ እንደዚያ ብዬ ብጽፍ መምህራን ይስቁብኛል። የምለው፣ የራሳችንን ጥሩ ነገር ለሰው ሰጥተን ለራሳችን የሌላውን መናኛ መግዛት መልመድ የለብንም ነው። ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን የማራችንን ጣዕም እንወቀው።

ይሄን ሀሳብ ለልጆች ሳወራ የተቃወሙኝ አሉ። መልሴን በየተራ ልጻፍ።

"ማር ውድ ነው" ያሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ግን አንድ ሰው ኪሎ ማር ያምጣ አላልኩም። እኛ 7ኛ ለ 54 ተማሪዎች ነን። 30 ልጅ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ቢያመጣ 30 ብርጭቆ ይወጣዋል። በግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ሲቀዳ 60 ሰው ያጠጣል። ማር የሌለው ሎሚ ያምጣ። ሎሚ የሌለው ናና ወይም በሶብላ ያምጣ። እሱም የሌለው እንጨት ይልቀም፣ ውሃ ይቅዳ፣ ብርጭቆ ይጠብ። ማን ምን እንዳመጣ ግን የስም ዝርዝር አይያዝ። አደራ! ዝርዝር ከተያዘ ያቺ ልጅ ተመልሳ ቧንቧው ጋ ትቆማለች።

"ሰኔ እኮ የሐዋርያት ጾም ነው" ያሉም አሉ። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ዓይነት እናዘጋጅ። ለሚጾሙት ያለ ስልባቦት፣ ማርና ሎሚ የጾም ነው። ሱፍ የሚያመጣ ካለ ደግሞ ሱፍ ለብቻ ይበጥበጥላቸው። ለማይጾሙት ስልባቦት ይጨመር። በለሱ በሰኔ መጨረሻ ካልደረሰ ሎሚው ብቻ ይበቃል፣ በለሱን መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት እንሠራዋለን።

"ንጽሕናውስ?" ያሉኝ መምህር ናቸው። እኔ ራሴ አምና በፌስታል የታሰረ ባለቀለም በረዶ መንገድ ላይ ገዝቼ ጠጥቼ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀርቻለሁ፣ ስለዚህ ይሄ ይገባኛል። ውሃው ተንፈቅፍቆ ይፍላ፣ በክዳን ይቀዝቅዝ። ወተቱም ይፍላ። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። እንስራው ታጥቦ ይታጠን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንደነገሩን ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ስለዚህ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ለልጃቸው እንዳያቀምሱ እንንገራቸው። ጤና አዳም እንጨምር ያሉ ልጆችም ነበሩ፣ ግን ለነፍሰ ጡር ጥሩ ስላልሆነ ይቅር።

የመጨረሻዎቹ ደግሞ "እንግዶች ይታዘቡናል፣ ለስላሳ ነው የሚያምረው" አሉኝ። ለዚህ መልስ የሰጠችኝ አያቴ ናት። "እኔ ቤት ትልቅ እንግዳ ሲመጣ የምትከፈተው የማር ማሰሮዋ ናት፣ ያንተ ትምህርት ቤት እንግዶች ከእኔ እንግዶች ይበልጣሉ?" አለች። እኔ ሌላ የምጨምረው የለም።

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ኃላፊ መምህራችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከወላጆች ቀን በፊት አንድ ዓርብ ከሰዓት ይሰጠንና በእኛ ክፍል እንሞክረው። ካልጣፈጠ፣ ካልቀዘቀዘ ወይም ካልበቃ ለስላሳው ይገዛ፣ እኔም በሚቀጥለው እትም ተሳስቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ። እንስራ የማቀዝቀዙን ሥራ የምትመራው ግን ያቺ ጓደኛዬ ትሁን፣ ምክንያቱም ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ጠይቄያት እሺ ብላለች። ሁለት ጆንያ ብቻ ነው የፈለገችው።

አባቶቻችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። ማሩም እንደዚያው ነው። ከአንድ ቤት ሃምሳ ማንኪያ ከባድ ነው፣ ከሃምሳ ቤት አንድ አንድ ማንኪያ ግን ቀላል ነው።



ከ7ኛ ለ ክፍል ተማሪ