በልጆች ዕድሜ ላይ የሚጨመሩት ሰባት ዓመታት

በ2007 ዓ.ም. የተወለደ አንድ ልጅ በእናቱ ሞባይል ስልክ ላይ አካውንት ሊከፍት ተቀመጠ እንበል። ቅጹ የትውልድ ዘመኑን ይጠይቀዋል፤ ልጁም አንዳች ሳይዋሽ 2007 ብሎ ይሞላል። ዳሩ ግን ቅጹ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ነውና ልጁ በዚያች ቅጽበት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያድጋል። 11 ዓመት ሲሞላው መዝገቡ 18 ያለፈው ጎልማሳ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ጉዳዩ ተራ የቁጥር ስሕተት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የኢንተርኔት አገልግሎቶች ለልጆች ያበጁት ጥበቃ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያው ቁጥር ላይ ነው። ለምሳሌ ኢንስታግራም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ተጠቃሚዎችን አካውንት ለማንም ክፍት እንዳይሆን፣ ከማያውቁት ሰው መልእክት እንዳይደርሳቸው አድርጎ መክፈት ጀምሯል። የእኛ ልጅ ግን አጥሩ ሲታጠር ከውጭ የቀረ ነው። (በስሕተት ሳይሆን ሆን ብለን የታናናሾቻችንን ዕድሜ ከፍ አድርገን የሞላን ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶችም ጥቂቶች አይደለንም።)

እንደሚታወቀው በቤታችንም ሆነ በትምህርት ቤታችን ስለ ኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ክልከላ ነው። «አትንካ»፣ «አትክፈት»፣ «ልጅ ያበላሻል» ይባላል። ሌሊት የሚያለቅስን ሕፃን በጅብ ከማስፈራራት ብዙም የተለየ አይደለም። በእኛ እምነት ግን ልጅን የሚጠብቀው ፍርሃት ሳይሆን አሠራሩን ማወቅ ነው፤ ይህም የሳይንስ ተማሪዎች ከማንም በፊት ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ ነው።

የማረጋገጫ ኮድን እንውሰድ። ባለ 6 አኃዝ ኮድ አንድ ሚሊዮን ዓይነት ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ የተሳሳተን ሰው ሥርዓቱ ስለሚያግደው በግምት ለማግኘት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። አጭበርባሪውም ይህን ስለሚያውቅ ከሒሳቡ ጋር አይታገልም፤ «በስሕተት ወደ አንተ ስልክ የተላከ ቁጥር አለ፣ እባክህ ቶሎ ላክልኝ» ብሎ ይለምናል እንጂ። ልመናው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቀደም ብሎ ከተሰረቀ የጓደኛ ወይም የዘመድ አካውንት በመሆኑ «ከማታውቀው ሰው ጋር አታውራ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ልጁ የሚያየው የአክስቱን ስምና ፎቶግራፍ ነው! ኮዱ የቤት ቁልፍ መሆኑን፣ እውነተኛዋ አክስቱም ብትሆን ልትጠይቀው እንደማትችል የተረዳ ልጅ ግን ደውሎ ድምፅዋን ይሰማል። የእናቱ ስልክ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር አማካይነት የገንዘብ ቦርሳም ሊሆን መቻሉን ስናስብ ነገሩ የጨዋታ አይደለም።

ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው። የስልክ ካሜራ የቦታ መጠቆሚያው ክፍት ከሆነ ምስሉ የተነሳበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ሊመዘግብ ይችላል፤ በቴሌግራም ምስሉ «በፋይል» መልክ ሲላክ መረጃው አብሮ ይጓዛል። ይህን ማጥፋት ቀላል ነው። የማይጠፋው በምስሉ ላይ በግልጽ የሚታየው ነው፤ በአገራችን የደንብ ልብሱ ቀለምና በደረቱ ላይ ያለው ዓርማ ልጁ የት እንደሚማር ያለ ምንም መሣሪያ ይናገራሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። በሐሰት ስም ቀርቦ የልጅን ገመና የሚያሳይ ምስል የተቀበለ ሰው በማግሥቱ «ገንዘብ ካልላክሽ» ወይም «ሌላ ምስል ካልላክሽ ለቤተሰብሽ አሳያለሁ» ይላል። ኃይሉ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከምስሉ ብቻ አይደለም። ልጅቱ አባቷን ከማያውቁት ሰው ይልቅ ስለፈራች ነው። «አንድ ነገር ባገኝብሽ ስልኩን እሰብረዋለሁ» የተባለች ልጅ፣ ለማን ትናገር? አስፈራሪው የሚፈልገው ዝምታ በቤት ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። የተከፈለው ከተከፈለ በኋላም ጥያቄው አይቆምም፤ የምስሉ ቅጂ ስንት እንደሆነ ከያዘው በቀር የሚያውቅ የለምና።

አንዳንድ ወላጆች «ታዲያ ስልኩን ብንነጥቅ አይሻልም?» ይሉናል። ለአምስት ዓመት ሕፃን፣ አዎን፤ ምናልባት ይሻላል። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን የጓደኛው ስልክ አለ፣ የጎረቤት አለ። የሚነጠቀው ስልኩ ብቻ ሳይሆን ችግር ሲገጥመው ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድም ነው። ስለዚህ ሌላው መመሪያ ሁሉ ቢቀር አንድ ቃል ኪዳን በየቤቱ ቢገባ እንወዳለን፦ የደረሰበትን የተናገረ ልጅ አይቀጣም፣ ስልኩም አይወሰድበትም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት ማስፈራራትንም፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የብልግና ምስል ማሰራጨትንም በወንጀልነት ደንግጓል። ወንጀለኛው አስፈራሪው እንጂ ልጁ አይደለም። ነገር ግን ለፖሊስ የሚቀርበው መልእክት በድንጋጤ ከመደምሰሱ በፊት ልጁ ለአንድ ታላቁ መንገር አለበት።

ውድ አንባብያን፣ ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ «እስቲ ይህን ስልክ እየው» መባላችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ከታናሻችሁ ጎን ተቀመጡና ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አብራችሁ አብጁ፣ የተመዘገበውንም የትውልድ ዘመን ክፈቱት። 2007 የሚል ካገኛችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ልጁን ራሱን ጠይቁት።