ካሜራው ተሰቅሎ ኔጌቲቩ ተቃጥሎ

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች በአንደኛው ግድግዳ ላይ ሰባት አሮጌ ካሜራዎች ተደርድረዋል። ከላያቸው አምፖል በርቶላቸዋል። ባለቤቱ ትሑት ወጣት ነው፤ አፍጥጬ ማየቴን አስተውሎ «ጋሼ፣ ቅርስ እኮ ነው!» አለኝ። የሙያ ወዳጅ አገኘሁ ብዬ ዜኒቷን ላንሳት ብል አልነሳ አለችኝ። ለካ ከጣውላው ጋር በብሎን ተጠፍራለች! ሌንሷ ውስጥ ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር አድርቷል። የጣና እርጥበት የማይሠራበትን ሌንስ አይምርም።

ዜኒትን አውቃታለሁ። አጎቴ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣትን እኔ እስከ ዛሬ እሠራባታለሁ። ከተማችንም ብትሆን ከሶቪየቶች ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው በእነርሱ ርዳታ ነበር። ዜኒት ከባድ ናት፤ ስትተኩስ ድምጿ በር የተወረወረ ይመስላል። ግን ታነሳለች። ካሜራ ደግሞ የተሠራው ለዚሁ ነው።

«ያሺካውስ የማን ነበር?» አልኩት። በከተማው ለብዙ ዘመን ፎቶ ቤት ከነበራቸው አዛውንት ልጆች እንደገዛው ነገረኝ። አዛውንቱን አስታወስኳቸው፤ የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶዬን ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። «ቀና በል! አትሳቅ!» ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ልጆቻቸውን ፈልጌ አገኘሁና ስለ ኔጌቲቮቹ ጠየቅሁ። ትልቁ ልጅ ቅር ሳይለው መለሰልኝ፦ «እሱማ ሁለት ጆንያ ሙሉ ነበር። ቤቱን ስናድስ አቃጠልነው። ማን ይፈልገዋል ብለን ነው፣ ጋሼ።»

ሁለት ጆንያ! በዚያ በያሺካው አንድ ጥቅል ፊልም አሥራ ሁለት ምስል ይወጣዋል። ስንት ሺህ ፊት እንደተቃጠለ አንባቢ ያስላው። ከክርስትናው የተመለሰ ሕፃን፣ ጀርባው ላይ «ለማይረሳኝ ጓደኛዬ» ተብሎ የሚጻፍበት የተማሪ ፎቶ፣ ወደ ጦር ግንባር ከመሄዱ በፊት ለእናቱ የተነሳ ወታደር። ከእነዚህ ስንቱ ሌላ ፎቶ ይኖረው ይሆን?

ልጆቹን አልወቅስም። ካሜራው ዋጋ እንዳለው የሚነግራቸው ሰው ብር ይዞ መጣ፤ ስለ ኔጌቲቩ የነገራቸው የለም። የምወቅሰው «የድሮ ካሜራ ወዳጆች ነን» የምንለውን ነው። ምጣዱን ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንጀራውን ለእሳት የሰጠን እኛ ነን።

«የጥንት ፎቶ መቼ ጠፋ? በመጽሐፍ ታትሞ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ አለ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት የፎቶ መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 የተነሱትን ሰብስቦልናል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ለቤተ መንግሥቱ ያነሷቸውም ተመልካች አላጡም። ንጉሥና ራስ ጠባቂ አያጣም። የሽምብጥና የፋሲሎ ሰውስ? አዲስ አበባ ላይ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የየቤቱን የቤተሰብ ፎቶ እየለቀሙ ለመጽሐፍ ያበቁ ወጣቶች አሉ፤ እሰየው ብያለሁ። የእኛ ሐይቅስ ምን በደለ?

ነገሩ የናፍቆት ብቻ እንዳይመስል ወደ ጢስ ዓባይ ልውሰዳችሁ። በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረውን ፏፏቴ የማያስታውስ ጎልማሳ የለም። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውሃ ወደ ቦይ ተጠለፈና ያ የሚያገሣ ፏፏቴ በበጋ ቀጭን ክር ሆኖ የሚታይበት ዘመን መጣ። መብራቱን አልጠላሁም፤ ይህንንም የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ውሃው በጥር ምን ያህል ነበር? በግንቦትስ? እዚያ ሄዶ ለማስታወሻ የተነሳ ሙሽራና የትምህርት ቤት ጓደኛ ሁሉ ሳያውቀው ከጭንቅላቱ ኋላ የውሃውን ልክ ይዞልናል። የሐይቁም ዳር እንዲሁ ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመታየቱ በፊት ውሃው የት ድረስ ይደርስ እንደነበር፣ የደንገል ታንኳ የት የት ይቆም እንደነበር የሚመሰክሩት እነዚያ ኔጌቲቮች ናቸው። ጆንያው ሲቃጠል ምስክር ነው የተቃጠለው።

ደግሞ «ፊልም ነፍስ አለው፣ ዲጂታል ግን በድን ነው» የሚሉ አሉ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን ከሚሉኝ አብዛኞቹ አንድ ጥቅል እንኳ አጥበው አያውቁም። እኔ አጥባለሁ። ፊልሙን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያመጣልኛል፤ አውሮፕላን ማረፊያ በራጅ እንዳያሳልፈው «በእጅህ ያዝልኝ፣ በእናትህ!» ብዬ እለምነዋለሁ። ማጠቢያው 20 ዲግሪ እንዲሆን በሚያዝያ ሙቀት በረዶ እየገዛሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ባለቤቴ «ዛሬም ልትዘጋብን ነው?» እያለችኝ ነው የምሠራው። ነፍስ አላየሁበትም። ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ሲያልቅ በእጅ የሚያዝ፣ ወደ ብርሃን ቀና ሲያደርጉት የሚነበብ ነገር ይቀራል። እሱን ካልጠበቅን በዜኒትም ሆነ በስልክ ብናነሳ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ለካፌው ወጣት ከግድግዳው አንድ ካሜራ አውርዶ በምትኩ «ኔጌቲቭ ያላችሁ አታቃጥሉ፣ ወደዚህ አምጡ» የሚል ወረቀት እንዲለጥፍ ነገርኩት። እንደ ኮምጣጤ መሽተት የጀመረ ኔጌቲቭ መበላሸት ጀምሯልና እሱ እንዲቀድም፣ ሁሉም ከላስቲክ ወጥቶ በወረቀት ፖስታ እንዲቀመጥ፣ ያመጣውም ሰው በምስሉ ያሉትን እያወቀ ሳለ ስማቸው እንዲጻፍ አሳሰብኩት። «እስቲ ላስብበት፣ ጋሼ» አለ። ያስብበት።

እኔ እስከዚያው ሦስት የጫማ ካርቶን ሞልቻለሁ። ትናንት ማታ አንዱን ወደ አምፖል ቀና አድርጌ ሳይ፣ ጢስ ዓባይ ላይ የቆሙ ወንድና ሴት አገኘሁ። ጃንጥላ ይዘዋል፤ ዝናብ ግን የለም፤ ከፏፏቴው የሚነሳው ጢስ ነው ያስያዛቸው። ማን እንደሆኑ የሚነግረኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።