አሮጌውን ማሊያ አትጣሉት

ቁም ሣጥን ሲጸዳ መጀመሪያ «ይጣል» የሚባለው ምንድን ነው? በብዙ ቤት መልሱ የታወቀ ነው፤ የአባወራው አሮጌ ማሊያ። አንገቱ ሰፍቷል፣ ቀለሙ ለቋል፣ ጽሑፉ ተልጧል። ባለቤቱ ግን «እሱን እንዳትነኩብኝ» ይላል። እናንተ ቤትም እንዲህ ያለ ማሊያ ካለ ትንሽ እንጨዋወት።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ እንጀራዬ ደግሞ ማርኬቲንግ ነው። ስለዚህ ማሊያ ሳይ አንዳንዴ ደጋፊው፣ አንዳንዴ ነጋዴው ይቀድመኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክለቡ በ1886 በመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲመሠረት ቀይ ማሊያ የላከለት ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። ነጩን እጅጌ ያመጣው ደግሞ በ1933 አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ነው። ከዚያ ወዲህ ደረት ላይ ያለው ስም ዘመኑን ይናገራል። «ጄቪሲ» የሚል ካያችሁ ከ1981 እስከ 1999 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ቤታችን በካሴት ዴክ ፊልም የሚታይበት ዘመን። «ኦቱ» ከሆነ ከ2002 እስከ 2006 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የኤምሬትስ ነው።

የእኔ ማሊያ «ኦቱ» ነው። በ2003/04 አርሰናል በ38 ጨዋታ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ከመርካቶ «ሄንሪ 14» የሚል ገዛልኝ። ኦሪጅናል አልነበረም፤ በሁለተኛው እጥበት «1» ቁጥር ተላቀቀች። እናቴ በነጭ ክር ሰፍታ መለሰቻት። ወንድሜ ዛሬ የሚኖረው ባሕር ማዶ ነው። ያቺን ክር ባየሁ ቁጥር ሦስታችንም አንድ ቤት የነበርንበት ጊዜ ይመጣብኛል።

ድርጅቶች ይህን ስሜት በደንብ ያውቁታል። በ1991 የወጣው ቢጫ የአርሰናል ማሊያ ብዙ ሰው የሳቀበት ነበር፤ «የበለዘ ሙዝ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በ2019 ግን አዲዳስ እሱን የሚመስል አዲስ ማሊያ ይዞ ብቅ አለ። ለምን? በልጅነቱ ያንን ማሊያ የወደደ ሰው ዛሬ ደመወዝተኛ ነው። ትዝታ ይሸጣል፤ በሙያዬ የምመሰክረው ነው።

እዚህ ላይ የቤተሰብ ኪስ ይመጣል። ክለቦች በየዓመቱ አዲስ ማሊያ ያወጣሉ፤ ያውም የሜዳ፣ ከሜዳ ውጪና ሦስተኛ እያሉ። የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ወላጅ ይህን ሁሉ ሊከተል አይችልም፤ መከተልም የለበትም። ልጃችሁ «አዲሱን ግዙልኝ» ሲል፣ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን አውጥታችሁ አሳዩት። ይህን ስትለብሱ ስንት ዓመታችሁ ነበር? ጨዋታ የምታዩት የት፣ ከማን ጋር ነበር? ንገሩት። ገንዘቡ ከተገኘ አንድ ግዙለት፤ እስኪጠበው ይልበሰው፤ ሲጠበው አስቀምጡለት። አንገቱ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ዓመቱን ጻፉበት።

ስለ ራሱ ማውራት የሚከብደው አባት ብዙ ነው። «ልጅ ሳለህ እንዴት ነበርክ?» ብትሉት «ደህና ነበርኩ» ብሎ ያልፋል። «ይህን ማሊያ ማን ሰጠህ?» በሉት እስቲ። የሰፈሩን ቡድን፣ የሞተውን ጓደኛውን፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይቀር ያወራል። እናቶችም ቢሆኑ ደጋፊ የነበሩ፣ ዛሬም የሆኑ ሞልተዋል፤ እነሱንም ጠይቁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቡና ሲፈላ አሮጌውን ማሊያ አውጡና ጠይቁ። ካዳመጣችሁ በኋላም ይጣል ካላችሁ፣ ውሳኔው የእናንተ ነው።