ስድስት መቀመጫ፣ አንድም ተቀማጭ

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ ስድስት ወር ያህል ቆይታለች። የመጣችው በሚያዝያ፣ የተመለሰችው በጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ደጅ መቀመጥ የሚቻልበት ወራት ሙሉውን ከእኛ ጋር ነበረች ማለት ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው በረንዳ ላይ ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋና ወንበር፣ የመስተዋት ጠረጴዛና ትልቅ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይጠብቃት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ እዚያ የተቀመጠችባቸውን ቀናት በአንድ እጄ ጣቶች ልቆጥራቸው እችላለሁ። የቀረውን ጊዜ ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃው በከፊል ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥን ፊት አሳለፈችው። «ወጣ ብለሽ አየር አትወስጂም ወይ?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አይ ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

መልሷን ለወራት እንደ ምርጫ ቆጠርሁት። ስሕተቴን የተረዳሁት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡናውን በረንዳ ላይ አቅርበን ስንጠጣ ነው። በረካው ተጠጥቶ ልትነሣ ብትል አልቻለችም። ሶፋው ዝቅ ያለና ጥልቅ ነው፤ ትራሱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የክንድ መደገፊያ ያለው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ሲሆን እርሷ የተቀመጠችው መካከል ላይ ነበር። ጠረጴዛውን ብትደገፍ ተንሸራተተባት። በመጨረሻ እኔና ልጄ ግራና ቀኝ ይዘን አነሣናት። ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በረንዳው ላይ አልተቀመጠችም። አገሯ ከተመለሰች በኋላ ሜትር አውጥቼ ለካሁት፤ ሰው ሲቀመጥበት ከወለሉ ያለው ከፍታ 36 ሴንቲ ሜትር፣ የመቀመጫው ጥልቀት 68 ሴንቲ ሜትር ነው። ጉልበቷን ለሚያማት የ74 ዓመት ሴት ይህ ጉድጓድ ነው።

የቤቴን ጉድለት ወደ አደባባይ የማወጣው የእኔ ቤት ብቻ ጉድለት እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። በወዳጆቼ ጓሮ ሁሉ ያንኑ ዝቅ ያለ ሶፋ አያለሁ፤ ወላጆቻቸውንም ከመስተዋቱ በስተጀርባ፣ ሳሎን ውስጥ አያቸዋለሁ። የምከራከረው እንግዲህ ይህን ነው፤ የደጅ መቀመጫ የምንገዛው በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳና ለፎቶግራፍ ነው፤ መግዛት የሚገባን ግን በየቀኑ ሊቀመጥበት ለሚችለውና ለመነሣት ለሚቸገረው ሰው ነው። ከዚያ ሰው አካል ከተነሣን የቁሱም፣ የዋጋውም፣ የሕጉም ጥያቄ ሥርዓት ይይዛል። ከፎቶግራፉ ከተነሣን ሁሉም ይጣመማል።

ይሉኝታ ማስረጃ አይደለም

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ብዙዎቹ በሙያቸው ፖሊሲ የሚመዝኑ ናቸው። ሰዎች በአንድ አገልግሎት ስላልተጠቀሙ ብቻ አገልግሎቱን አይፈልጉትም ብሎ መደምደም ስሕተት መሆኑን ያውቃሉ። ክሊኒኩ የሚገባው በሃያ ደረጃ ከሆነ፣ አረጋውያን አለመምጣታቸው ስለ ፍላጎታቸው የሚነግረን ነገር የለም። ወላጆቻችንን በሚመለከት ግን ይህን እውቀት መሥሪያ ቤት ትተነው እንመጣለን። ወላጆቻችን በይሉኝታ ያደጉ ናቸው፤ ልጃቸው ገንዘብ ያወጣበትን ዕቃ አይነቅፉም፤ ጉልበታቸውን እየጠቀሱም አያስጨንቁንም። «እዚሁ ይሻለኛል» የሚለውን ቃል እንደ ፈቃድ መቁጠር ለእኛ ይመቸናል፤ እውነት አያደርገውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ዋና የጤና ሹም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ብቸኝነትን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር የሚያይ ይፋዊ ማሳሰቢያ አውጥተዋል። ማሳሰቢያውን አንብበን ስለ ማኅበራዊ ትስስር ተወያይተናል። ለጉብኝት የመጣች እናት ግን መኪና አትነዳም፤ ቋንቋው አይቀናትም፤ ብዙው የከተማ ዳር መንደር የእግረኛ መንገድ እንኳ የለውም። እነዚህን ብቻችንን አንለውጣቸውም። ጎረቤት በአጥር ላይ ሆኖ እጁን የሚያነሣላት፣ የልጆች ጩኸት የምትሰማበትና ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ ቢኖር ያው በረንዳው ነው። እዚያ የሚያስቀምጣትን ወንበር መለወጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው።

ይህች ሴት አዲስ አበባ ውላ የምታድረው ውስጥ ተዘግታ አይደለም። ጠዋት ከበሩ አጠገብ በእንጨት ወንበሯ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ጎመን ትቀነጥሳለች፣ አላፊ አግዳሚውን «እንደምን አደርክ» ትላለች። በገጠሩ ቤት ደግሞ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ መደብ አለ። መደብ አይነቃነቅም፤ ግድግዳው መደገፊያው ነው። የሠሩት ሰዎች ስለ ደጅ ዕቃ መጽሔት አላነበቡም፤ ማን እንደሚቀመጥበት ግን ያውቁ ነበር።

ከአካል የሚነሣ መለኪያ

መለኪያው ምሥጢር አይደለም። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የ2010 የግንባታ መስፈርት ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች የሚዘጋጅ አግዳሚ ወንበር መቀመጫው ከወለል 43 እስከ 48.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ያዛል። ሕጉ የግል ጓሮን አይገዛም፤ ቁጥሩ ግን ለጓሯችንም ይሠራል። በዚህ ላይ ሦስት ነገር እጨምራለሁ። የክንድ መደገፊያው እስከ መቀመጫው የፊት ጠርዝ የሚደርስ ይሁን፤ ሰው ሲነሣ የሚጫነው እዚያ ላይ ነውና። ትራሱ ቀጭንና ጠንካራ ይሁን። ወንበሩ ራሱ ሲጫኑት የማይንሸራተት ክብደት ይኑረው።

በዚህ መለኪያ ብንሄድ በጣም ዝነኛው የአሜሪካ የደጅ ወንበር እንኳ ፈተናውን ይወድቃል። አዲሮንዳክ የሚባለውን ወንበር እ.ኤ.አ. በ1903 ቶማስ ሊ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ዌስትፖርት ሠራው፤ በ1905 ፓተንቱን ያገኘው ግን ሃሪ በኔል የተባለ አናጢ ነው። ክንዱ ሰፊ ነው፤ ይህ ይመሰገናል። ነገር ግን መቀመጫው ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይሆናል። ሐይቅ ዳር ለእረፍት ለሄደ ጎልማሳ ተስማሚ ነው። ለእናቴ አይሆንም።

መደብር ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ተቀመጡና እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ለመነሣት ሞክሩ። የአርባ ዓመት ሰው ከተቸገረ የሰባ ዓመት ሰው ፈጽሞ አይነሣም። ሻጩ ቢገረም ይገረም።

ቁሱን የሚወስነው ቆዳና ክብደት ነው

ቁስ ስንመርጥም ጥያቄው «ምን ያምራል?» ከሆነ መልሱ ማለቂያ የለውም። የሚቀመጠውን ሰው ካሰብን ግን ይጠባል። ጥቁር ብረት በሐምሌ ፀሐይ ክንድ አያስነካም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩማ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ቀላል በመሆኑ ግን ርካሹ ዓይነት ሲደገፉት ይሸሻል። ሰንበሌጥ የመሰለው የፕላስቲክ ጥልፍ የፀሐይ መከላከያው ካነሰ ከጥቂት በጋ በኋላ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ የተቆረጠው ጫፍ ልብስና ቆዳ ይይዛል። ውስጡ ያለው አጽም ደህና ሆኖ ሳለ ጥልፉን የሚጠግን ስለማይገኝ ሁሉም አብሮ ይጣላል።

እንጨት በእጅ ሲነኩት አያቃጥልም፣ ይከብዳል፣ ብሎኑ ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲሻክር በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። በአገራችን ለአጣናና ለማገዶ የምናውቀው ባሕር ዛፍ እዚህ «ዩካሊፕተስ» ተብሎ የበረንዳ ወንበር ሆኖ ይሸጣል፤ በየጊዜው ዘይት ለሚቀባው ሰው ክፉ ምርጫ አይደለም። ቲክ የሚባለው እንጨት በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ዝናብን ይችላል፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ግራጫ መለወጡ የመበስበስ ምልክት አይደለም።

ቲክ የሚገዛ ግን የትውልድ አገሩን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የምያንማርን መንግሥታዊ የእንጨት ድርጅት በማዕቀብ መዝገብ አስገብቷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ተከትሏል። በ1900 የወጣው ሌሲ አክት በ2008 ሲሻሻል በሕገ ወጥ መንገድ በተቆረጠ እንጨት መነገድን ከልክሏል። ስለ ማዕቀብና ስለ ደን ሪፖርት የምንጽፍ ሰዎች በራሳችን በረንዳ ላይ ያለው እንጨት ከየት እንደመጣ ካልጠየቅን፣ ሪፖርታችንን የሚያነብ ሰው ቢጠራጠረን አይፈረድበትም።

ርካሹ ውድ ሲሆን

«ጥሩ ወንበር ውድ ነው» የሚለውን ክርክር አከብራለሁ፤ ሒሳቡ ግን ይሠራ። በሦስት ዓመት የሚጣል ስብስብ በ600 ዶላር ይገዛል እንበል። በአሥራ አምስት ዓመት አምስት ጊዜ ገዝተን 3,000 ዶላር አወጣን። ሁለት ጠንካራ ወንበር እያንዳንዱ በ450፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ በ300 ቢገዛ ድምሩ 1,200 ነው። ልዩነቱ የተገኘው ወንበሩ ስለረከሰ አይደለም፤ የማይቀመጥባቸውን አራት መቀመጫዎች መግዛት ስለተውን ነው። ስድስት መቀመጫ ኖሮ ተቀማጭ ከሌለ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

የተጣለውም የትም አይጠፋም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚያሳየው ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ፍራሽ አብረው የሚቆጠሩበት የዕቃ ቆሻሻ በ1960 ከ2 ሚሊዮን ቶን ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በ2018 12.1 ሚሊዮን ቶን ደርሷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአገሪቱ ሕዝብ እጥፍ እንኳ አልሆነም። ከ2018ቱ ቆሻሻ 80 በመቶ ያህሉ የተቀበረ ነው። ዕቃው እየበዛ የሄደው የሚቀመጠው ሰው ስለበዛ እንዳልሆነ ቁጥሩ ይመሰክራል።

እንግዳስ ሲመጣ?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው። እኛ እንግዳ ወዳድ ሕዝብ ነን፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው በረንዳ ያሳፍረናል። ልደት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ። እውነት ነው። ግን ይህን ችግር አባቶቻችን ከእኛ በተሻለ ፈትተውታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለቅሶ ሲደርስ ማንም ሰው የራሱን ሃምሳ ወንበር ከጓዳ አያወጣም፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ድስቱም የእድር ነው። በዓመት ጥቂት ቀን የሚያስፈልግ ዕቃ የጋራ ይሁን፣ በየቀኑ የሚያስፈልገው የግል ይሁን የሚለው ሥርዓት ነው።

ወደዚህ አገር ስንመጣ እድሩን ይዘነው መጥተናል፤ መዋጮውን እንሰበስባለን፣ አስከሬን እንሸኛለን። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ግን ብዙዎቻችን ትተነዋል። በአንድ አካባቢ የሚኖሩ አሥር ቤተሰቦች አርባ ታጣፊ ወንበርና አራት ረጃጅም ጠረጴዛ በአንድ ጋራዥ ቢያስቀምጡ፣ አሥር ጓሮ ውስጥ ስልሳ የማይቀመጡበት መቀመጫ ከመሸከም ይገላገላሉ። ከእያንዳንዱ ቤት የሚጠበቀው ሁለት ሦስት እውነተኛ ወንበር ብቻ ይሆናል። ይህን በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አጀንዳ ማስያዝ ይቻላል፤ ደንብ ማሻሻልም አያስፈልገውም።

ጓሮ የሌላችሁ፣ በዱባይ ወይም በስቶክሆልም በአፓርታማ የምትኖሩ፣ ነገሩ እኔን አይመለከተኝም አትበሉ። ጠባብ ሰገነት ላይ አንድ ባለ ክንድ፣ ከፍ ያለ ወንበር ይበቃል። እንዲያውም ቦታ ስለሚያንሳችሁ ከእኛ ይልቅ ለመሳሳት የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ።

«አገር እንዲህ በተጨነቀችበት ጊዜ ስለ ወንበር?» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለ አገር መጻፍ አላቆምንም፤ ማቆምም የለብንም። ነገር ግን ያችን አገር በአካሏ ይዛ የመጣችው ሴት ሳሎን ውስጥ ተዘግታ ሳለ፣ ከጎኗ ተቀምጠን ስለ አረጋውያን መብት ጽሑፍ ማረም ከአንድ በላይ ለሆንን ሰዎች የደረሰ ነገር ነው።

እኔ ሶፋውን ለሚፈልግ ወጣት ቤተሰብ ሰጠሁት። በምትኩ ሁለት የእንጨት ወንበር ገዝቼ ከበሩ አጠገብ፣ ደረጃ በሌለበትና ከቀትር በኋላ ጥላ በሚያርፍበት በኩል አኑሬያቸዋለሁ። ከፍታቸው 46 ሴንቲ ሜትር ነው። እናቴ ዘንድሮ ትመለሳለች፤ ትቀመጥባቸው እንደ ሆነ አያለሁ። ካልተቀመጠችም በዚህ ጊዜ «ይሻለኛል» ስትለኝ የማምናት፣ መነሣት የምትችልበት ወንበር ካቀረብሁላት በኋላ ነው።