ሁሉንም መርዳት አይቻልም ያለ ባል

ብራዚላዊው ፈርናንዶ ሜሬሌስ ከጆን ለ ካሬ ልብ ወለድ የሠራው «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» እ.ኤ.አ. በ2005 ለዕይታ ሲበቃ፣ ብዙ የተወራው በናይሮቢ ድሆች ላይ መድኃኒት ስለሚሞክረው ኩባንያ ነበር። እኔ ግን ፊልሙ ከሁሉ በፊት የትዳር ታሪክ ነው እላለሁ። የሚነግረንም ባልና ሚስት መዋደዳቸው ብቻውን እንደማይበቃ፣ አንዱ ሌላው የሚያየውን ማየት እንዳለበት ነው።

ማስረጃው ሁለት ትዕይንቶች ናቸው። የእንግሊዛዊው ዲፕሎማት ሚስት ቴሳ፣ ፓርክላንድስ በተባለው ሠፈሯ እንደ አጋ ካንና ኤም ፒ ሻህ ያሉ የግል ሆስፒታሎች ባሉባት ናይሮቢ፣ የምትወልደው ድሆች በሚታከሙበት ሆስፒታል ነው። ልጇ ሞቶ ይወለዳል፤ እሷ ግን የሌላ እናት ጨቅላ ታጠባለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ያንን ጨቅላ ይዞ በእግሩ የሚሄድ ልጅ አይታ መኪናው እንዲቆም ትለምናለች። ባሏ ጀስቲን እምቢ ይላል፤ ችግረኛው ብዙ ነው፣ ሁሉንም መርዳት አይቻልም። ይህን የሚለው ጨክኖ ሳይሆን ለደከመችው ሚስቱ ሳስቶ ነው። ከሐኪም ጋር ትማግጣለች የሚለው ሐሜት ተጨምሮበት፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሐዘናቸውን ለየብቻ ይሸከማሉ። ቴሳ ከተገደለች በኋላ ጀስቲን ዱካዋን ተከትሎ ሱዳን ይደርሳል። ታጣቂዎች ከወረሩት ሥፍራ ሲሸሽ አንዲት ሕፃን አውሮፕላኑ ላይ እንድትሳፈር ገንዘብ አውጥቶ ፓይለቱን ይማጸናል። ፓይለቱም እሱ ያኔ ለሚስቱ የሰጣትን መልስ ይሰጠዋል።

«ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቢገባው ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ፊልሙም ጸጸቱ ቴሳን መለሰለት አይልም፤ መዘግየቱን ሳይሸፍን ያሳየናል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ኬንያውያን ለፈረንጆች ፍቅር ማድመቂያ ሆነዋል ይባላል። እውነትነት አለው፣ የራሳቸው ድምፅ የሚሰማው ጥቂት ነው። ነገር ግን ጀስቲን ባልነቱ የሚመዘነው መንገድ ዳር የሚሄደውን ያንን ልጅ ከቁም ነገር በመቁጠሩና ባለመቁጠሩ ነው። ልጁ ከታሪኩ ቢወጣ ስለ ትዳራቸው የሚባል ነገር አይኖርም።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንላለን። እነዚህ ሁለቱ ግን ከአንድ ባሕር አልተቀዱም። ጀስቲን ወደ እሷ የደረሰው ዘግይቶ፣ የእኛ ኦሞ በሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ዳር፣ እሷ በተገደለችበት ቦታ ገዳዮቹን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነው።