መሣሪያው ከውጭ ቢመጣ ልኩ ከቤት ይሁን

እህል ያለ ቁና አይሰፈርም። ነገር ግን ቁናውን የሠራው ሌላ፥ ባለ እህሉም ሌላ ሲሆን ጉድለቱ ዘወትር በባለ እህሉ በኩል መሆኑን ገበያተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ነገር በእህል ብቻ ሳይሆን በዜማም እንደሚደርስ በዛሬው ጊዜ በግልጥ እየታየ ነው።

በቀድሞ ጊዜ ዜማ ለማሰማት የፈለገ ሰው መሣሪያ መግዛትና ከአዋቂ እግር ሥር ተቀምጦ ብዙ ዓመት መማር ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ግን በእጅ ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ምት ይደረደራል፤ ከዚህ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅም ይቀረጻል። ስሟ የገነት ደስታ ተብሎ በሚተረጐመው በፍስሐ ገነት ከተማ የሚኖር የጌዴኦ ወጣት፥ ስልክ በእጁ ካለ፥ አዲስ አበባ ድረስ ሳይወርድና ስቱዲዮ ሳይከራይ ዘፈን ሊያዘጋጅ ይችላል። ይህን የመሰለውን ጥበብ ከባዕድ መጣ ብሎ መንቀፍ አስተዋይነት አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በእ.ኤ.አ. 1985 በአሜሪካ አገር ሸሞንሟናዬ የተባለውን ሥራውን ሲያወጣ፥ አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ምት ከሚመታ መኪና ጋራ አስማምቶ ነው፤ ሥራውም በእ.ኤ.አ. 2013 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተሰምቷል። ሚካኤል ሰይፉም በእ.ኤ.አ. 2016 ዘላለም በተባለው ሥራው በኮምፒዩተር የኢትዮጵያን ድምፅ ለዓለም አሰምቷል። እነዚህ ሰዎች መሣሪያውን ያዘዙት፥ ዜማውን አስቀድመው በጆሮአቸው ስለ ያዙ ነው።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። ምት የሚደረድረው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 16 ሣጥኖች በመደዳ ያሳያል። ወጣቱ በወደደው ሣጥን ከበሮ ወይም ጭብጨባ ያኖራል፤ መሣሪያውም መደዳውን ከዳር እስከ ዳር እየሄደ፥ ሲጨርስም ወደ መነሻው እየተመለሰ ያሰማል። በእ.ኤ.አ. 1997 በቤልጅየም ወጥቶ ዛሬ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለው የታወቀው መተግበሪያ በዚሁ መንገድ የተጀመረ ነው። ድምፅ የሚቀርጸው ሲንተሳይዘር ደግሞ በመጀመሪያ ጥሬ ድምፅ ያወጣል፤ ቀጥሎ በማጣሪያ ስለታሙን ያለዝባል፤ ከዚያም ድምፁ እንዴት እንደሚነሣ፥ እንዴት እንደሚረጋ፥ በምን ልክ እንደሚቆይና እንዴት እንደሚጠፋ ይወስናል። የክራር ጅማት ሲመታ ፈጥኖ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ የማሲንቆ ድምፅ ግን ደጋኑ እስከ ተሳበ ድረስ ይቆያል። ይህን ልዩነት ጆሮው የለየ ወጣት ሁለቱንም በስልኩ ሊቀርጽ ይችላል፤ ያልለየ ግን ፋብሪካው አዘጋጅቶ ካኖረለት ድምፅ መርጦ ይወስዳል።

ችግሩም ያለው በዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ባዶ ሆኖ አልመጣም፤ የሠሩት ሰዎች የአገራቸውን ልክ አስቀድመው አኑረውበታል። 16ቱ ሣጥኖች አራት አራት ሆነው የተከፈሉ ናቸው፤ ጭክጭካ የተባለው የኢትዮጵያ ምት ግን በስድስት የሚሄድ ስለ ሆነ 12 ሣጥን ይስማማዋል። ደግሞም መሣሪያው ካልታዘዘ በቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፤ በማሕሌት የቆመ ሰው ግን ከዝማሜ ወደ መረግድ፥ ከመረግድም ወደ ጽፋት ሲሻገሩ ምቱ እየፈጠነ እንደሚሄድ ያውቃል። የቅኝቱም ነገር እንዲሁ ነው። ፒያኖ ከአንድ ድምፅ እስከ ከፍተኛው መንታው ድረስ ያለውን ርቀት በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል፤ ባለሙያዎች መላውን ርቀት 1,200 ሴንት ብለው ስለሚቆጥሩት እያንዳንዱ ደረጃ 100 ሴንት ይሆናል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በክራር የሚቃኙት በጆሮ እንጂ በዚህ ልክ አይደለም። ወጣቱ ይህን ሳያውቅ የአያቱን ዜማ በስልኩ ቢሠራውና ባይስማማለት፥ ስሕተቱ ከመሣሪያው ልክ መሆኑ ቀርቶ ከአያቱ ጉሮሮ ይመስለዋል። ከዚህ የሚብስ ጉዳት የለም።

መሣሪያውን ማቃናት የሚቻል መሆኑን ሌሎች ሕዝቦች አሳይተዋል። ኻያም አላሚ የተባለው ትውልደ ኢራቅ ሙዚቀኛ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ፥ በእ.ኤ.አ. 2021 ማንኛውም ሕዝብ የራሱን ቅኝት እየለካ የሚሠራባቸውን ሊማና አፖቶም የተባሉ መሣሪያዎች ያለ ዋጋ ለሕዝብ አቅርቧል። ይሁን እንጂ መሣሪያ ቢገኝም የሚገባበት ልክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህንም ከአገሩ ባለቤት በቀር ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በጦርነት ብዙ አድባራትና መጻሕፍት ተቃጥለው ነበር፤ በዚያው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በቃል ይተላለፍ ለነበረው ዜማ ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ይዘት፥ ደፋት፥ ቅናትና ሂደት የተባሉት ምልክቶች ዛሬም በደብተሮች ፊት አሉ። ቀለምና ብራና የቅዱስ ያሬድን ዜማ አልለወጡትም፤ የጻፉት ሰዎች ዜማውን ስለሚያውቁት ጠበቁት እንጂ። ዛሬ የስልክ መተግበሪያ የዚያ ዘመን ቀለምና ብራና ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክአ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ቡናውና እንሰቱ በዛፍ ጥላ ሥር ተስማምተው የሚኖሩበት እርሻ፥ ጥንታውያኑ ትክል ድንጋዮችም ክብር አግኝተዋል። ነገር ግን ዜማ እንደ ድንጋይ ቆሞ አይጠብቅም። በደራሮ በዓል የሚያዜሙ ሽማግሌዎች፥ በሶንጎ ሸንጎ የሚቀመጡ አባቶች፥ በሥራ ላይ የሚያንጎራጉሩ እናቶች፥ ሁሉም ዕድሜያቸው የተወሰነ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ እንደ ነበረ የሚዘነጋ አይደለም። ሕዝብ ሲበተን ዜማው ከቤቱ ዕቃ ጋራ ተጭኖ አይሄድም።

አንዳንድ ሰው፥ ትምህርት ቤቱ ወንበር ሳይሞላ ለዘፈን ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። ለዚህ ሥራ ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፥ አንድ ደብተርና አንድ ታጋሽ መምህር ነው። ሌላውም፥ ወጣቱ የወደደውን ይጫወት፥ አይገደድ ይል ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አያስገድደውም። ነገር ግን ሁለቱ ልክ በፊቱ ካልቀረበለት መረጠ ሊባል አይችልም፤ ያገኘውን ወሰደ እንጂ።

ስለዚህ የዞኑ የባህል ሹማምንትና የዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባብረው የየወረዳውን ዜማና ምት ከነዜመኛው ስም፥ ከነቀበሌውና ከነቀኑ በድምፅ ቢያስቀምጡ፥ ምቱን በሣጥን ቆጥረው፥ ቅኝቱንም በሴንት ለክተው ለወጣቶች ቢሰጡ ታላቅ ሥራ ነው። ዜማ በማስተማር ያደጉ ካህናትም ድምፅን መለየትና በምልክት መያዝ ሙያቸው ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር ምክራቸውን እንዳይነፍጉ ያስፈልጋል። ዜመኛውም ሳይፈቅድ ድምፁ አይወሰድ፤ ከድምፁ ጥቅም በተገኘ ጊዜም ድርሻው አይቅርበት። የይርጋ ጨፌ ቡና በስሙ እንዲከበር የኢትዮጵያ መንግሥት ብዙ ከደከመ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ ስምምነት ላይ ደርሷል። ለቡናው የተደከመለት ስም፥ ቡናውን እየለቀመ ለሚያዜመው ሰው ሊነፈገው አይገባም።

ቁናው ዛሬ በወጣቱ እጅ ነው። አባቶች በሕይወት ሳሉ ልኩን ያልሰጡት እንደ ሆነ፥ ነገ በሰው ልክ ሰፍሮ ቢያጐድል ወቀሳው በእርሱ ላይ ሳይሆን ማስተማር ሲቻላቸው ዝም ባሉት ላይ ይሆናል።